መኪና ያልለመደው መንገድ

ዛሬ ዛሬ ጸጥታ በገንዘብ የሚገዛ ዕቃ ሆኗል። አውሮፓ ውስጥ ብስክሌት ይዞ አገር ለሚዞር ሰው መኪና የማይበዛባቸው የገጠር መንገዶች በካርታ ላይ ተለይተው ይሰመሩለታል፤ በየመገንጠያውም ቁጥርና ቀስት ያለበት ሰሌዳ ይተከልለታል። ፈረንጁ ዓመቱን ሙሉ ሲሠራና ሲያጠራቅም ከርሞ፣ ዕረፍቱ ሲደርስ እነዚህን መንገዶች ፍለጋ ይወጣል። የሚፈልገው ምን መሰላችሁ? ጥሩምባ የማይጮህበት፣ ላም የሚያቋርጥበት፣ ገበሬው ቀና ብሎ «እንደምን ዋልህ» የሚልበት መንገድ ነው። እንዲህ ያለውን ባነበብኩ ቁጥር ሳቄ ይመጣል። እነሱ ይህን ያህል የሚደክሙለት ነገር እኛ ዘንድ ሞልቶ ተርፏል። ልዩነቱ እኛ «ጸጥ ያለ መንገድ» ብለን አለመጥራታችን ነው። እኛ የምንለው «መንገድ የለም» ነው።

የማወጋችሁ እንዲህ ስላለ አንድ አገር ነው፤ ከደሴ ተነስቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል እስከ መካነ ሰላም፣ ከዚያም አልፎ ደጋው በድንገት አልቆ ዓባይ ከታች እስከሚታይበት ጠርዝ ድረስ ስላለው ምዕራብ ደቡብ ወሎ። ወደ 180 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን የደሴና የመካነ ሰላም መንገድ በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ወር መጨረሻ በብስክሌት አራት ቀን ፈጅቼ ተጉዤበታለሁ። ከዚያም በኋላ ስድስት ቀን ያህል በየመገንጠያው ስዞር ሰንብቻለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። ደሴ ደግሞ ለብስክሌት የተፈጠረች ከተማ አይደለችም። ከጦሳ ሥር በዳገትና በቁልቁለት ተጣጥፋ የተቀመጠች ናት። እኛ ልጆች በሰዓት ሒሳብ እየተከራየን ሆጤ ሜዳ ላይ ክብ ስንዞር እንውልና ሰዓቱ ሲያልቅ በልመና አምስት ደቂቃ እናስጨምር ነበር። ብስክሌት ከሆጤ ሜዳ አልፎ አንድ ቦታ የሚያደርስ ነገር መሆኑን ማንም አልነገረንም። እንደ አገርም ብንመለከተው ያው ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ከሄዱት ስፖርተኞቻችን መካከል እነ ገረመው ደንቦባ ብስክሌተኞች ነበሩ። ይህ እንግዲህ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ በፊት ነው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ፅጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ለውድድሩ ባዕድ አይደለንም ማለት ነው። ለመሄጃ፣ ለመድረሻ፣ አገር ለማየት ግን ብስክሌትን ገና አልቆጠርነውም።

የመንገዱ ጠባይ እንዲገባን አገሩ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ያሻል። ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ሆድ እየፈላ የወጣ የቀለጠ ድንጋይ አንዱ ባንዱ ላይ እየተነጠፈ ይህን ደጋ ሠራው። ጥቁሩ ድንጋይ በሞሰብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ የተደራረበ ነው፤ ከላይ ለሚያየው ሜዳ፣ ከጎን ለሚያየው ደረጃ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ውሃ ገባበት። በሰሜን በሽሎ፣ በደቡብ ወለቃ፣ በምዕራብ ራሱ ዓባይ ከሦስት ወገን እየቆፈሩ ደጋውን እንደ ምላስ አርዝመው አስቀሩት። ዋናው መንገድም ሸለቆዎቹን እየሸሸ በምላሱ ጀርባ ላይ ይሄዳል። ወደ ምዕራብ ሲኬድ በቀኝ በኩል የወረደው ዝናብ በሽሎ ይገባል፤ በግራ የወረደው ወለቃ ይገባል። ሁለቱም ዞረው ዞረው ዓባይ ላይ ይገናኛሉ። በመኪና የሚሄድ ሰው ይህን አያየውም፤ እንቅልፉን ተኝቶ መካነ ሰላም ሲደርስ ይነቃል። ብስክሌት ላይ ያለ ሰው ግን በጉልበቱ ያነበዋል።

ጉልበት ካነሳሁ አይቀር አየሩንም ልንገራችሁ። ከባሕር ወለል በላይ ሦስት ሺህ ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአሥር ሰባት እጅ ያህል ብቻ ነው። ጉጉፍቱን ስወጣ በየሁለት መቶ ሜትሩ እየወረድኩ እገፋ ነበር። ዳገቱን የጨረስኩት ብስክሌቱን እንደ ደከመ ሕመምተኛ ደግፌ ነው። ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት የገብሱ ቃርሚያ በነጭ ተሸፍኖ ይታያል። ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ይነሳና ሰውን ከነብስክሌቱ ወደ ኋላ ይመልሳል። ስለዚህ የዚያ አገር ጉዞ የጠዋት ጉዞ ነው። ከምሳ በኋላ ያለው ጊዜ የቡና ነው።

ሕፃናቱ እንደ ሌላው አገር ሁሉ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ይከተላሉ። የራስ ቁሩና የፀሐይ መነጽሩ ነው ያሳሳታቸው። አንድ ቦታ ላይ ከመካከላቸው አንዱ ቀረብ ብሎ አየኝና «ኧረ አይደለም! ጥቁር ነው» ሲል መሰከረልኝ። ሌላው ግን አልተረታም፤ «ፀሐይ ያጠቆረው ፈረንጅ ነው» አለ። ለዚህ ምን መልስ አለው?

ከአቀስታ ወዲያ አንድ ሽማግሌ በበቅሎ ደረሱብኝ። ደረሱብኝ ያልኩት በዳገት ላይ እሳቸው ተቀምጠው፣ እኔ በእግሬ ብስክሌቴን እየገፋሁ ስለነበር ነው። ሰላምታው ረዥም ነበር፤ ከብቱን፣ አዝመራውን፣ የመጣሁበትን አገር ሰላም ሁሉ ጠየቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ብስክሌቱ ላይ አድርገው «ልጄ፣ ይህች ገብስ አትበላም?» አሉኝ።

«አትበላም አባባ።»

«ሣርስ?»

«ሣርም አትበላም።»

«ታዲያ በጦም ነው ከደሴ ያመጣችህ?» ትንሽ ዝም ብለው ሄዱና ቀጠሉ፤ «ቁልቁለቱን እሷ ትሸከምሃለች፣ ዳገቱን አንተ ትሸከማታለህ። ይህስ ትዳር ነው» ብለው ሳቁ። በቅሎዋን ኮርኮር አድርገው ጥለውኝ ሄዱ።

ሽማግሌው ያወቁትን አንዲት ታዋቂ ተጓዥም ቀድማ አውቃው ነበር። ዴርቭላ መርፊ የተባለችው አየርላንዳዊት ጸሐፊ በ1963 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከአየርላንድ እስከ ህንድ በብስክሌት የተጓዘች ሴት ናት። ስሟን ያስጠራውም ይኸው ጉዞዋና ስለሱ የጻፈችው መጽሐፍ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ስትመጣ ግን ብስክሌቷን ትታ በቅሎ ይዛ ነው የተጓዘችው። ስለዚያም «በኢትዮጵያ ከበቅሎ ጋር» የሚል ትርጉም ያለው ርዕስ የሰጠችውን መጽሐፍ ጻፈች። እስከ ህንድ በብስክሌት የዘለቀች ሴት እኛ አገር ስትደርስ በቅሎ መምረጧ ስለ ደጋችን ከብዙ ካርታ የበለጠ ይናገራል። በዚያን ዘመን ብስክሌት የሚሄድበት መንገድ በቅሎ ከሚሄድበት እጅግ ያነሰ ነበር። መካነ ሰላምም ብትሆን በአንድ ወቅት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትናንሽ አውሮፕላኖች የሚያርፉባት ሜዳ ነበራት። ሰማዩ ከመሬቱ ይልቅ ለጉዞ ይቀል ነበርና ነው።

አሁን ይህ ተለውጧል። የለወጠውም ዋናው መንገድ ብቻ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. «ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም» የሚባል ሥራ ተጀመረ። ዓላማው እያንዳንዱን ቀበሌ ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ ጋር ማገናኘት ነው። በየወረዳው ወጣቶች ተደራጁ፤ ገበሬውም ጉልበቱን አዋጣ፤ ድንጋይ ተፈልጦ፣ ጠጠር ተደፍቶ፣ ቀድሞ የበቅሎ ዱካ ብቻ በነበረበት ሁሉ ፒስታ መንገድ ተዘረጋ። ከመካነ ሰላም ዙሪያ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወጡትን እንዲህ ያሉ መንገዶች ስዞርባቸው ግማሽ ቀን ሄጄ አንድ መኪና ብቻ ያጋጠመኝ ጊዜ ነበር። እሱም ጎማው ፈንድቶ የቆመ አይሱዙ ነው። የቀረው አህያ፣ በቅሎ፣ በጎች፣ የገበያ ሴቶችና ተማሪዎች ናቸው። አንዳንዱ መንገድ የሁለት ክረምት ጎርፍ አጥቦት ከመካከሉ እንደ ቦይ ተቦርቡሯል። ለመኪና አይሆንም፤ ለብስክሌት ግን ዳር ዳሩ ይበቃል። መኪና ሳይለምደው ያረጀ መንገድ በሌላ አገር አላየሁም።

ፈረንጅ የሚመኘው መንገድ ይኸውላችሁ። በአንዱ ጠዋት ከመካነ ሰላም ወደ ደንቆሮ ጫካ ሄድኩ። የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ማለት ነው። ከታች ጥዱና ወይራው፣ ከዚያ አስታው፣ ከሁሉ በላይ ጓሳና ጅብራ የሚበቅልበት ቀዝቃዛ ሜዳ አለ። ጭላዳዎቹ ጓሳው ላይ ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሣር ሲነጩ እንደ ለቃሚ ሴቶች ይመስላሉ። ብስክሌት ድምፅ ስለሌለው በጣም ቀረብኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ቀይ ቀበሮም እዚያ አለ፤ ለኔ ግን አልታየኝም። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የሌለ፣ ቁጥሩም በመቶዎች ብቻ የሚቆጠር እንስሳ ስለሆነ ላየው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ብቅ ባይል አልፈርድበትም።

በሌላ ቀን ከሰዓት በኋላ ከከተማው በስተ ምዕራብ ያለው ጠርዝ ላይ ደረስኩ። መሬቱ እዚያ ላይ ያልቃል። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ዓባይ ይታያል፤ ከማዶ ጎጃም እንደ ግድግዳ ቆሟል። ከዚህ ወገን፣ ሳይንት ውስጥ ተድባበ ማርያም አለች፤ ከዚያ ወገን ደግሞ መርጡለ ማርያም። ሁለቱም ከክርስትና በፊት መሥዋዕት ይቀርብባቸው ነበር ተብለው ከሚነገርላቸው አራት ጥንታውያን ስፍራዎች ናቸው። ከዚሁ ደጋ ላይ ደግሞ የአዛን ድምፅ ከቤተ ክርስቲያን ደወል ጋር ተከታትሎ ይሰማል፤ ወሎ ነውና ማንም አይደነቅበትም። ብስክሌቴን አጋድሜ ተቀመጥኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ የሰማሁት ነፋስና ጅራፍ ብቻ ነበር።

ጸጥታውን ያደነቅሁት ግን እዚያው አልቀረም፤ የማደሪያ ቤቴ ድረስ ይዤው ሄድኩ። ያሳደሩኝ ከመንገድ ዳር የሚኖሩ ሙስሊም ቤተሰቦች ነበሩ። የቤቱ እመቤት ቡናውን እየቆሉ «እንዴት ነው አገራችን፣ ወንድም ጋሼ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ጸጥታው ደስ ይላል። ቀኑን ሙሉ የመኪና ድምፅ አልሰማሁም» አልኳቸው።

ምጣዱን ከእሳቱ አወረዱ። «እኛም አንሰማም» አሉ። ከዚያ የወንድማቸው ሚስት ምጥ የተያዘችበትን ሌሊት አወጉኝ። መንገዱ ገና ያልተሠራበት ጊዜ ነው። ስምንት ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመዋት እየተቀባበሉ እስከ ንጋት ሄዱ። «ያን ሌሊት የአንድ መኪና ድምፅ ከሩቅ ብንሰማ መንዙማ ነበር የሚመስለን» አሉኝ። ሴትዮዋ ተርፋለች፤ ልጁ አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ መንገዱ መጣ፤ አምቡላንስም ስትጠራ አንዳንድ ጊዜ ትመጣለች። «አልሐምዱሊላህ» ብለው አቦሉን ቀዱልኝ።

እንግዲህ ጸጥታ ሁሉ አንድ አይደለም ማለት ነው። አንዱ ከጩኸት የጠገበ ሰው የሚሸሽበት ጸጥታ ነው። ሌላው ጠርቶ የሚሰማው ያጣ ሰው ጸጥታ ነው። የኔ ደስታ በእትዬ ችግር ላይ ተቀምጦ እንደነበር ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ገብቶኛል። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። መንገዱ ከመጣ፣ መኪና ደግሞ ለሁሉም ካልደረሰ፣ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት የሚሞላው ምንድን ነው? አንድ ተማሪ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር በእግሩ ቢሄድ አሥር ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ትምህርት ቤት ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። በብስክሌት ግን በዚያው ፒስታ፣ ዳገቱን እየገፋም ቢሆን፣ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ለመምህሩ፣ ለግብርና ባለሙያው ሒሳቡ ያው ነው። በቅሎ ውድ ናት፤ ገብስም ትበላለች። ሽማግሌው እንዳሉት ብስክሌት በጦም ይሄዳል። የቸገረው ሌላ ነው፤ ካላማዳሪያ የሚለጥፍ ጎሚስታ፣ ካቴናና ፍሬን የሚሸጥ ሱቅ ከወረዳ ከተማ ወዲያ አይገኝም።

መንገድ ግን ለሠራው ብቻ የሚታመን ነገር አይደለም። ይህን ከዚሁ ደጋ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለውን ሴቫስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት የጅዳንና የበሽሎን ገደል እየፈለጡ፣ እሳቸው ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ ነው። ጉዞው ወራት ፈጀ። መንገዱ ተሠርቶ ሲያልቅ ግን የናፒየር ጦር ተከትሎ መጣና በዚያው መንገድ ወደ መቅደላ ወጣበት። አምቡላንስ የሚያመጣ መንገድ ጦርም ያመጣል።

በኛም ዘመን አመጣ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴን ጨምሮ ብዙውን የወሎ ምድር አዳረሰ። ያ ሲያባራ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በፌዴራሉ መንግሥት ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ሌላ ውጊያ በክልሉ ተቀሰቀሰ። ከዚያ ወዲህ እነዚያ መንገዶች ብዙ ጊዜ ተዘግተዋል፤ ስልክም ተቋርጦ ይከርማል። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በመላው ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነው ነበር። ስልኩ በሠራ ጊዜ ወደ እትዬ ቤት ደውዬ «መንገዱ እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። «ጸጥ ብሏል» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አላስረዱኝም፤ ማስረዳትም አያስፈልግም። ይህ ሦስተኛው ጸጥታ ነው። ከሦስቱ ማንም የማይመርጠው፣ ማንም በካርታ ላይ የማያሰምረው ይህ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ለማንም «ብስክሌታችሁን ይዛችሁ ሂዱ» አልልም። ይሁን እንጂ አገር ለዘላለም እንዲህ አይቆይምና የማውቀውን አስቀምጣለሁ። ሰላም ሲሆን የሚኬደው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ነው። አዝመራው ሲያጭድና ሲወቃ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል። በየካቲትና በመጋቢት የበልግ ዝናብ ይመጣል። ያን ጊዜ መረሬው አፈር ጎማው ላይ ተለጥፎ ብስክሌቱን የሁለት ሰው ሸክም ያደርገዋል። ክረምቱንማ አታንሱት። ሁለት ትርፍ ካላማዳሪያ፣ መንፊያ፣ ከባድ ጋቢ፣ በሶና ቆሎ መያዝ ነው። የእረኛ ውሻ ሲመጣ ከብስክሌቱ ወርዶ፣ ብስክሌቱን በመካከል አድርጎ፣ እረኛውን መጥራት ነው። መሸሽ ያብሳል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳይግል ቆም እያሉ ማሳረፍ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሰላምታውን ማሳጠር ነውር ነው፤ በወሎ መንገድ ላይ ከሰላምታ የሚቀድም ጉዳይ የለም።

በአሥሩ ቀን ካገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ የማልረሳት አንዲት ስምንተኛ ክፍል ነኝ ያለችኝ ልጅ ናት። ደብተሯን በፌስታል ይዛ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አገኘኋትና ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል አብረን ሄድን፤ እሷ በእግሯ፣ እኔም ለሷ ስል በእግሬ። ቤቷ ገና ሰባት ኪሎ ሜትር ይቀር ነበር። ስለ ፍሬኑ ጠየቀችኝ፤ ስለ ማርሹ ጠየቀችኝ፤ «ሴት ትነዳዋለች?» አለችኝ። አዎ አልኳት። መንገዱ ሜዳ ሲሆን አስቀመጥኳትና ከኋላ ይዤ ገፋሁላት። መጀመሪያ ጮኸች፤ ቀጥሎ ሳቀች፤ ከዚያ ዝም አለች። ስትወርድ ቀሚሷን እያራገፈች፣ ጉዳዩን ከአባቷ ጋር ልትመክርበት እንደተነሳች ሁሉ፣ ረጋ ብላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ስንት ብር ያወጣል?»